እማዬና 17 ቁጥር አውቶብስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ሰላም ነዎት? ያስታውሱኛል?» ብላ ጀመረች። አስታወስኳት። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የደብተሯን ጀርባ በሥዕል የምትሞላ ልጅ ነበረች። አሁን ኢንጂነር ሆናለች። አውቶብስ ላይ የሚገጠሙ ስክሪኖችን ከሚያዘጋጁ ሰዎች ጋር ነው የምትሠራው፤ ግንባሩ ላይ ወዴት እንደሚሄድ፣ ውስጡ ደግሞ ቀጣዩ ፌርማታ የት እንደሆነ የሚጽፉትን ማለቴ ነው።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። «የቦታዎቹ ስም ረዘመብን፣ ስክሪኑ አልበቃ አለን። እንዴት ብናሳጥረው ይሻላል? እርስዎ ጂኦግራፊ ስላስተማሩ ይሻላሉ ብዬ ነው።»

ሁለት መስመር መልስ ጻፍኩላትና ስልኬን አስቀመጥኩ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዚህ አውቶብስ ላይ በሚጻፍ ነገር እኔ ዕዳ አለብኝ። ዕዳው የእናቴ ነው። ለልጅቷ መመለስ የነበረብኝን ረጅሙን መልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው የተነሳሁት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እማዬ ከጎጃም ወደ እኔ የመጣችው በ1989 ነው፣ አባቴ በሞተ በዓመቱ። ዕድሜዋ 60 አልፎ ነበር። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጥቂት ወር ተምራ ስሟን መጻፍ ለምዳ ነበር፤ ከዚያ አዝመራ ደረሰና በዚያው ቀረ። አዲስ አበባ ስትመጣ ስሟንም ረስታዋለች።

እህቴ ከተማው ማዶ ትኖር ነበር፤ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። እማዬ በየቅዳሜው እሷ ዘንድ መሄድ ፈለገች። ከሰፈራችን እስከ እህቴ ሰፈር በአንድ አውቶብስ ይደረሳል። 17 ቁጥር። ችግሩ ግን ፌርማታው ላይ ሌሎች ቁጥሮችም ይመጣሉ።

መጀመሪያ አካባቢ እንዴት እንደምትሄድ ልንገራችሁ። አውቶብሱ ሲመጣ አንዱን ሰው ትይዝና «ልጄ፣ ይሄ መኪና ወዴት ነው?» ትላለች። ሰውየው ይነግራታል። ደግሞ ዞራ ሌላ ሰው ትጠይቃለች። ከወጣች በኋላ አጠገቧ የተቀመጠውን ትጠይቃለች። የሦስቱ መልስ አንድ ካልሆነ ትወርዳለች። አንድ ቀን አብሬያት ስሄድ ሦስተኛው ሰው «እንጃ፣ እኔም አሁን ነው የወጣሁት» ስላላት ብቻ አውቶብሱን አስቁማ ወርዳለች። ትኬት ቆራጩ ሳቀ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አፈርኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ያፈርኩት በእሷ ነው። ካርታ ንባብ የማስተምር ሰው ነኝ። ስኬል፣ ኮንቱር፣ ሰሜን በየት በኩል ነው ምናምን እያልኩ ክፍል ውስጥ ስፎክር እውላለሁ፤ እናቴ ግን አንድ አውቶብስ ለመሳፈር ሦስት ሰው ታስቸግራለች። ስለዚህ ላስተምራት ወሰንኩ።

ጠመኔ ከትምህርት ቤት አመጣሁና በብረት በራችን ላይ 17 ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

«ይሄ ምን ይመስላል?» አልኳት፣ አንዱን እያሳየሁ።

«ዱላ።»

«ይሄስ?»

ትንሽ አሰበችና «ማጭድ» አለች።

ሰባትን እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም ከማጭድ ሌላ ሆኖ አይታየኝም። በሳምንቱ እማዬ ከሩቅ ታውቀው ጀመር። 11 ሲመጣ «ሁለት ዱላ፣ የኛ አይደለም» ትላለች። 71 ሲሆን «ማጭዱ ቀደመ፣ ይሄም አይደለም» ትላለች። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ፈጥኖ የገባው ተማሪ አልነበረኝም። (የክፍሌ ልጆች፣ አትቀየሙ።)

ያኔ የነገርኳትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ዱላና ማጭድ ሲመጣ ትወጫለሽ። ማንንም አትጠይቂ።»

ሠራ። ሦስት ዓመት ከምናምን ሠራ። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለልጁ የምትወስደውን ቆሎ በዘንቢል ይዛ ብቻዋን ትወጣለች፤ ማታ ብቻዋን ትመለሳለች። ስትገባ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ዛሬም ማንንም አልጠየቅኩም።» እንዴት ደስ ይላት እንደነበር። ለጎረቤት ሁሉ አውርታዋለች።

በ1993 ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከእህቴ ቤት ወደ 10 ሰዓት ተነሳች። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ ነበረባት። 12 ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ሆነ። ሞባይል ያኔ የጥቂት ሰው ነበር፤ እህቴ ዘንድ ጎረቤት ስልክ ደወልኩ፣ «ከሄደች ቆየች» አሉኝ። ፌርማታው ላይ ቆሜ የሚመጣውን አውቶብስ ሁሉ ወጥቼ አየሁ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ከዚያ ሆስፒታል ሄድኩ። ሰው ሲጠፋባችሁ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ስም መናገር ምን እንደሚመስል ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ አላስረዝመውም።

የሆነው እንዲህ ነው። ዱላና ማጭድ መጣ። ወጣች። ትኬት ቆረጠች። የምታውቀው ድልድይ አልመጣም። የምታውቀው ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። መንገድ ተዘግቶ ነው የሚዞረው ብላ አሰበች። አጠገቧ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር፣ ደብተር የያዘች። ልትጠይቃት አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ለምን አልጠየቅሻትም?» አልኳት በኋላ፣ ቆጣ ብዬ።

«አትጠይቂ ብለኸኝ የለ» አለችኝ።

አውቶብሱ ከተማው ጫፍ አንድ ማዞሪያ ላይ ቆመ። ሹፌሩ «እማማ፣ መጨረሻ ነው፣ ይውረዱ» አላት። ወረደች። መሸ። ሱቅ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ገንዘቧ መቀነቷ ውስጥ ነው፤ የጠፋች መሆኗን ሰው ካወቀ ይነጥቀኛል ብላ ፈራች። እንደዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየች።

ቀና ያደረጋት አንድ የታክሲ ረዳት ነው። (ረዳት በሉት እያላችሁ ስንቴ ተቆጥታችሁኛል፤ እማዬ ግን እስክትሞት «ያ ወያላ» እያለች ነው የመረቀችው፤ ከዚህ በኋላ እንደ እሷ እጽፋለሁ።) «መገናኛ! መገናኛ! መገናኛ!» እያለ መጣ። መገናኛን በስም ታውቀዋለች። ከዚያ ጨለማ ውስጥ የምታውቀው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ተነስታ ሄደችና የሰፈራችንን ስም ነገረችው። «እማማ፣ እሱ እኮ ሌላ ጫፍ ነው!» አላት። ጋቢና አስቀመጣት። መገናኛ ሲደርሱ አውርዶ፣ እጇን ይዞ ሌላ ታክሲ ጋ ወሰዳትና ለዚያኛው ወያላ «እማማን በደንብ አድርሳት፣ ሂሳብ እንዳትቀበል» አለው። ሁለተኛው ደግሞ ለሦስተኛው አስረከባት። ሦስት ሰዓት ማታ ሲሆን የመጨረሻው ልጅ ከነዘንቢሏ በራችን ድረስ አመጣት። በሩ ላይ ጠመኔው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ነበር።

ገብታ ተቀመጠች። ውኃ ጠጣች። «ልጄ፣ ቁጥርህ ዋሸኝ» አለች።

በኋላ እንዳጣራነው፣ አውቶብሱ ጠዋት በ17 ሲሠራ ውሎ ከሰዓት ወደ ሌላ መሥመር ተመድቧል። ያኔ ቁጥሩ በእጅ የሚቀየር ሰሌዳ ነበር፤ የቀየረው ሰው የለም። ሌላው ተሳፋሪ ሹፌሩን ወይም ትኬት ቆራጩን ጠይቆ ነው የወጣው። ሰሌዳውን ያመነች እናቴ ብቻ ነበረች ማለት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ሰሌዳ መርሳት የየትም አገር ሹፌር ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እማዬ ብቻዋን አውቶብስ ላይ ወጥታ አታውቅም። እህቴ ዘንድ ለመሄድ እኔን ትጠብቅ ጀመር። እኔ ቅዳሜ የማካካሻ ትምህርት አለኝ፣ እሁድ የፈተና ወረቀት አለኝ። የየሳምንቱ መንገድ የየወሩ ሆነ፤ ቀጥሎ የበዓል ብቻ ሆነ። የእህቴ ልጅ አያቱን እንደ እንግዳ እያየ አደገ። 18 ዓመት እንደዚያ ኖራ በ2011 ዐረፈች።

ሹፌሩን ለብዙ ዓመት ረግሜዋለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። እናቴ ከእኔ የተሻለ ዘዴ ነበራት። ሦስት ምስክር ትጠይቃለች፣ ካልተስማሙ ትወርዳለች። እኔ ሦስቱን ምስክሮች ቀማኋትና በምትካቸው አንድ ሰሌዳ ሰጠኋት። ያውም ሰሌዳውን ማን እንደሚቀይረው፣ መቼ እንደሚቀይረው ምንም ሳላውቅ።

ነገሩ ስላልለቀቀኝ ስለነዚህ ሰሌዳዎች ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ጡረታ ስትወጡ እናንተም የማይረባ ነገር ማንበብ ትጀምራላችሁ፣ ቆዩ። በድሮ ፊልም ባቡር ጣቢያና ኤርፖርት ውስጥ የምታዩት፣ ፊደሉ ጠር–ጠር–ጠር እያለ የሚገለባበጠው ሰሌዳ አለ አይደል? ሶላሪ የሚባል፣ ኡዲኔ የተባለች የጣሊያን ከተማ ያለ የሰዓት ሠሪ ድርጅት ነው በሰፊው ያሰራጨው። እ.ኤ.አ. በ1956 ቤልጂየም ውስጥ ሊዬዥ ባቡር ጣቢያ ተተከለ። እያንዳንዱ ቃል ወይም ቁጥር በትንንሽ ቅጠሎች ላይ ቀድሞ ታትሟል፤ ሞተሩ የሚፈለገው ቅጠል እስኪመጣ ያሽከረክረዋል። ከሁሉ የገረመኝ ድምፁ ነው። ማንም አስቦበት አይመስለኝም፣ ግን ሰሌዳው መንጫጫት ሲጀምር አዳራሹ ሙሉ ቀና ይላል፤ የማያይ ሰው እንኳ አንድ ነገር እንደተለወጠ አውቆ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ዝምተኛው ስክሪን ሲተካው ያ ቀረ።

አሁን ያሉት የአውቶብስ ግንባር ላይ ስክሪኖች ደግሞ በአብዛኛው የሚሠሩት እንዲህ ነው። ከሹፌሩ አጠገብ ትንሽ ሳጥን አለች። ሹፌሩ የመሥመሩን ኮድ ያስገባል፤ ሳጥኗ ከኮዱ ጋር የተያያዘውን ጽሑፍ ግንባሩ ላይ ታበራለች። ውስጥ ያለው «ቀጣዩ ፌርማታ» የሚለው ደግሞ በጂፒኤስና ጎማው በሄደው ርቀት ቦታውን እያሰላ ነው። ሁሉም ግን ያንን የመጀመሪያ ኮድ ያምናል። ኮዱ ከተሳሳተ ወይም ከጠዋት ካልተቀየረ፣ የ1993ቱ የእናቴ ሰሌዳ በመብራት አሸብርቆ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ በመብራት የተጻፈን ነገር ሰው የበለጠ ያምነዋል። በጠመኔ የተጻፈ ቢሆን እኮ እንጠራጠር ነበር።

ስለዚህ ለልጅቷ በሁለተኛው ቀን የጻፍኩላት የመጀመሪያው ነገር ስለ ማሳጠር አልነበረም። «ስክሪኑ እርግጠኛ ያልሆነ ቀን ይጥፋ» ነው ያልኳት። መሥመር ሲቀየር አሮጌው ጽሑፍ በራሱ እንዲጠፋና አዲስ ኮድ እስኪገባ ጨለማ እንዲሆን አድርጉት። የጠፋ ስክሪን ያየ ሰው ይጠይቃል። የሚዋሽ ስክሪን ያየ ሰው ግን አይጠይቅም፣ ተረጋግቶ ይቀመጣል።

«ቲቸር፣ ስክሪኑ ከጠፋ ተበላሸ ብለው ይሰድቡናል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ይሰድቧቸዋል። ይስደቧችሁ አልኳት።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። የስሙ ርዝመት ነገር እሷ ካሰበችው በላይ ከባድ ነው፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። እነዚህ በነጥብ መብራት የሚጽፉ ሰሌዳዎች ሲፈጠሩ የታሰበው የላቲን ፊደል ነው። ለአንድ የላቲን ፊደል 5 በ7 ነጥብ፣ ማለትም 35 መብራት ይበቃል። እስቲ ደብተር ላይ 5 በ7 ሳጥን ሥሩና «ጨ»ን ወይም «ጩ»ን ለመጻፍ ሞክሩ። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ሸረሪት ነው የወጣልኝ። 33ቱ ፊደላችን በ7 ዘሩ 231 ቅርጽ ነው፤ ብዙዎቹን የሚለያቸው ደግሞ አንድ ትንሽ ቅጥያ ናት። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ቅጥያዋ የት ከፍታ ላይ እንደተሰካች ነው። በ20 ሜትር ርቀት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታው፣ አውቶብሱ እየተንቀሳቀሰ ማን ነው ያንን የሚለየው? ስለዚህ ለአማርኛ ሰፋ ያለ፣ ነጥቡ የበዛ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ውድ ነው ይሉ ይሆናል። እኔ ገንዘብ ያዥ አይደለሁም።

ሰሌዳው አልበቃ ሲል ሁለት መፍትሔ ይመጣል፣ ሁለቱም አያምሩኝም። አንደኛው ጽሑፉን ማስኬድ ነው። አንድ ቀን ሜክሲኮ ቆሜ የአንዱን አውቶብስ ግንባር ሳነብ «...ሳ – ሜክሲ...» ላይ እያለሁ አውቶብሱ ጥሎኝ ሄደ። ቆሞ ለሚያነብ ሰው ሰሌዳው ራሱ መሮጥ የለበትም። ሁለተኛው የኛ የድሮ በሽታ ነው፣ ያቺ ዝባዝንኬ ሰረዝ። «ቅ/ማ» ብላችሁ ብትጽፉ ቅድስት ማርያም ናት ወይስ ቅዱስ ማርቆስ? ጸሐፊው ያውቀዋል። አንባቢውም የሚያውቀው ቀድሞ የሚያውቀው ከሆነ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሰሌዳ አያስፈልገውም።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ወያላው የሚጠራውን።

ስቀልድ አይደለም። በዚህ ከተማ የቦታ ስም ማሳጠር የተካነ ሰው ካለ ወያላ ነው። በአንድ ትንፋሽ የማይጠራ ስም አይጠራም። ምሁር ሰብስባችሁ ስም ብታሳጥሩ ሰባት ስብሰባ ነው፤ እሱ ግን በየቀኑ ሺህ ጊዜ ጮኾ የፈተነው ስም አለው። መዝገብ ላይ ያለው ስም ተቀየረ አልተቀየረ ግድ የለውም። መስቀል አደባባይ በደርግ ጊዜ አብዮት አደባባይ ተባለ፣ ተመልሶ መስቀል አደባባይ ሆነ፤ ሰው የሚሰማበት ስም ነው ያሸነፈው። ለገሃርን ውሰዱ። ፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያ ለማለት «ላ ጋር» ብለው ነው፤ የኛ ሰው ወስዶ ለገሃር አደረገው፣ አሁን ማን ነው ፈረንሳይኛ ነው የሚለው?

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሃያ ሁለት አለ። ሃያ ሁለት ማዞሪያ የተባለው 22 ቁጥር አውቶብስ እዚያ ጋ ዞሮ ይመለስ ስለነበር ነው። አስቡት፤ አውቶብስ ግንባር ላይ የተለጠፈ ቁጥር ወርዶ መሬት ላይ ቀረና የሰፈር ስም ሆነ። የቀላል ባቡሩ ጣቢያዎች ስም ሲወጣላቸውም ሃያ ሁለት አንድና ሃያ ሁለት ሁለት ተባሉ።

ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር እማዬን ይዣት ወጥቻለሁ። መገናኛ ቆመን ስንጠብቅ ከእኔ ፈንጠር አለችና አንድ ወጣት ያዘች። «ልጄ፣ ይሄ ባቡር ወዴት ነው?» ነገራት። ዞራ አንዲት ሴትዮ ጠየቀች። ነገረቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና፣ እንደማታውቀኝ ሰው ቀና ብላ አይታኝ «ይሄ ባቡር ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ወደ ጦር ኃይሎች ነው፣ እማዬ» አልኳት። ያን ቀን ሦስተኛው ምስክር እኔ ሆንኩ።

መንገድ ላይ የጣቢያዎቹን ስም እያነበብኩ ነገርኳት። ሃያ ሁለት ስል «ይሄም ቁጥር ነው?» አለች። ከአውቶብስ የመጣ መሆኑን ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ይሄስ መሬት ነው፣ የት ይሄዳል» አለች። ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ እንኳ ነገሯን አልረሳችም።

እግረ መንገዴን ስለ ባቡሩ አንድ ነገር ልበል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት 5 ጣቢያዎች የሁለቱም መሥመር ናቸው። ሜክሲኮ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ባቡር ስትጠብቁ የሚመጣው የአያት ሊሆን ይችላል፣ የቃሊቲም ሊሆን ይችላል። ወደ ምዕራብ ከሆነ ወይ ጦር ኃይሎች ነው ወይ ምኒልክ አደባባይ። በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ባለው ጊዜ ውስጥ ማወቅ አለባችሁ። እዚያ ጋ «ይሄ አያት ነው ቃሊቲ?» የሚል ጥያቄ ሳልሰማ የወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። እማዬ ግን አረንጓዴና ሰማያዊ መሥመር ብዬ ስነግራት ወዲያው ገባት። ቀለም አይነበብም፣ ይታያል። ለልጅቷ ይህንንም ጽፌላታለሁ፤ ከስሙ አጠገብ ቀለም ጨምሩ፣ ቁጥሩንም ትልቅ አድርጉት፣ ስሙ ካልበቃ ከቁጥሩ አትቀንሱ። ስም የማያነብ ሰው ዱላና ማጭድ ያነባል።

ስለሚታይና ስለማይታይ ካነሳን አይቀር፣ ማየት የተሳነው ተማሪ ነበረኝ። አሁን ጠበቃ ነው፤ ይህንን እያስነበበ እንደሚሰማው አውቃለሁ፣ ሰላም ብያለሁ። አንድ ቀን ምን አለኝ፦ «ቲቸር፣ ታክሲ ተራ ላይ ከናንተ እኩል ነኝ፤ እንዲያውም ከናንተ ቀድሜ ነው የምሰማው። አውቶብስ ፌርማታ ላይ ግን ለማኝ ነኝ። አንድ አውቶብስ በመጣ ቁጥር ስንት ቁጥር ነው እያልኩ እለምናለሁ፤ የሚመልስልኝ ካልተገኘ ቆሞ ይሄዳል።» የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ደግሞ መስማት የተሳናት ናት። የእሷ ተቃራኒው ነው። አውቶብሱ ቁጥር ስላለው ይሻላታል፤ ታክሲ ተራ ላይ ግን ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጮኻል፣ ምን እንደሚል አታውቅም። ታፔላ ሲለጠፍ ተመስገን አለች፤ ታፔላው ሌላ፣ ታክሲው የሚሄድበት ሌላ ሲሆን ደግሞ የእናቴ ዕጣ ደረሳት።

ሁለቱን አንድ ፌርማታ ላይ አቁሟቸው። ስክሪን ብቻ ብታደርጉ አንዱ ይቀራል፣ ድምፅ ብቻ ብታደርጉ ሌላዋ ትቀራለች። ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ አንቀጽ 9 ላይ ትራንስፖርትንና መረጃን ለይቶ ይጠራቸዋል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ሕግና በደንቦቹ መሠረት አውቶብስ ዋና ዋና ፌርማታዎችን በድምፅ የመጥራት ግዴታ አለበት። ለንደን ከ2007 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 8,000 ገደማ አውቶብሶቿ ላይ የሚናገርም የሚጽፍም መሣሪያ ገጠመች። ይህንን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ የሚናገረውን መሣሪያ ቀድመን ነበረን፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ግማሽ ሰውነቱን ወደ ውጭ አውጥቶ። ያውም የጠፋችን እናት ከታክሲ ታክሲ አስረክቦ ቤቷ ድረስ ያደርሳል፤ ያንን የሚሠራ ስክሪን ገና አላየሁም።

ልጅቷ ትናንት ማታ መልሳ ጻፈችልኝ። ስክሪኑ እርግጠኛ ሳይሆን ሲቀር ይጥፋ ያልኩትን ስብሰባ ላይ አንስታዋለች። አንዱ አለቃ «ጨለማ ለማሳየት ነው እንዴ የገዛነው?» ብሏል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ጻፈው አሉ። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም። የድምፁን ነገር በጀት የለም ብለዋታል፤ አልተውኩትም ብላለች። ድሮም ደብተሯ ጀርባ ላይ ስትሥል ተይ ብያት ትታ አታውቅም።

የስም ዝርዝሩን ግን እንድንረዳት ጠይቃለች። ስለዚህ የክፍሌ ልጆችም፣ ሌሎቻችሁም፣ አንድ ውለታ ዋሉልኝ። የሰፈራችሁን ፌርማታ ወያላው ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ልክ እሱ እንደሚለው፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መዝገብ ላይ ያለውን ስም አትንገሩኝ፣ እሱ አላቸው። እስከ ዓርብ ሰብስቤ እልክላታለሁ።